የፊደል እግር በነገሌ ታፔላ ላይ



ዝናቡና የከብት ገበያው በየቀኑ በሚያነጋግርበት አገር ስለ ፊደል ውፍረት ሊናገር የቆመ ሰው ሥራ የፈታ ሊመስላችሁ ይችላል። አልፈርድባችሁም። ነገር ግን ከክብረ መንግሥት ተነሥቶ በዋደራ አድርጎ ነገሌ የሚገባ መንገደኛም ሆነ ከዚህ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ ኦዶ የሚያልፍ ሾፌር ከከተማችሁ ጋር መጀመሪያ የሚተዋወቀው በታፔላ ነው። ጎሚስታው ወዴት ነው? ምግብ ቤቱስ? መድኃኒት ቤቱን አልፌዋለሁ ወይስ ገና ነው? ይህን ሁሉ የሚያነበው መኪናው ሳይቆም፣ በቀይ አቧራ ውስጥ፣ ፀሐይ ዓይኑን እየወጋችው ነው። የዛሬው ንግግሬ ለእንዲህ ያለው አንባቢ ተብሎ ስለተሠራ ፊደል ነው፤ ወፍራም፣ እግር ያለው፣ የድሮ ዘመን መልክ ያለው ፊደል። በየኮምፒውተሩ ተጭኖ፣ በየካፌው በርና በየቡናው ከረጢት ላይ ሲመለስ የምናየው እሱ ነው።

ከላቲኑ ልጀምር፤ የአፋን ኦሮሞው ቁቤም ሶማልኛውም የሚጻፈው በእሱ ነውና። የላቲን ፊደል በሁለት ትላልቅ ወገኖች ይከፈላል። የአንደኛው መስመሮች ጫፋቸው ላይ ትንሽ እግር አላቸው፤ ባለሙያዎቹ ሰሪፍ ይሉታል። የሁለተኛው ጫፎች ምንም ሳይጨመርባቸው ይቆረጣሉ። ለረጅም ዘመን እግር ያለው ፊደል ለመጽሐፍ የተሠራ፣ በእጅ ተይዞ በቅርበት የሚነበብ ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ለንደን ውስጥ ነው። የሎተሪው፣ የቲያትሩና የነጋዴው ማስታወቂያ ግድግዳውን ሲያለብሰው የመጽሐፉ ፊደል ከሩቅ አልታይ አለ። ፊደል ቀራጮቹ መጀመሪያ ያደረጉት ቋሚውን መስመር ማወፈር ነበር። ቋሚው አበጠ፤ አግድሙና እግሩ ግን ቀጭን እንደሆኑ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1815 ገደማ ቪንሰንት ፊጊንስ እግሩንም አወፈረው፤ ከቋሚው የማያንስ፣ አራት ማዕዘን፣ ድፍን እግር አወጣለት። እ.ኤ.አ. በ1827 ደግሞ ዳሪየስ ዌልስ ኒው ዮርክ ውስጥ ትላልቅ ፊደሎችን በማሽን ከእንጨት መቅረጽ ጀመረ። ከቀለጠ እርሳስ የሚሠራ ትልቅ ፊደል ከባድም ውድም ስለነበር እንጨቱ ገበያውን ወሰደው። በአሜሪካ ፊልም ላይ የምናየው የሰርከስ፣ የጨረታና የተፈላጊ ወንበዴ ማስታወቂያ ሁሉ የዚያ እንጨት ልጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1845 ለንደን ላይ በሮበርት ቤስሊ ፊደል መሥሪያ የወጣው ክላረንደን ከሁሉም የተሻለ ጭምትነት ያለው ነው። የፊጊንስን ድፍን እግር ወስዶ ከግንዱ ጋር በትንሽ ቅስት አጋጠመው፤ ስለዚህ ውፍረቱ አይጎረብጥም። ዓላማውም ጩኸት ብቻ አልነበረም። ከመጽሐፍ ፊደል ጎን ተሰልፎ፣ ለምሳሌ በመዝገበ ቃላት ውስጥ፣ የሚፈታውን ቃል ከፍቺው ለይቶ እንዲያሳይ ታስቦ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ቀጭኑና ወፍራሙ ተደጋግፈው እንዲሠሩ የማድረግ ልማድ በሰፊው የተተከለው በእሱ ነው። ቅርጹ በእንግሊዝ ሕግ ለ3 ዓመት ብቻ ተጠብቆለት ነበር፤ ጊዜው እንዳበቃ ሌሎቹ ፊደል መሥሪያዎች ያለ ምንም እፍረት ቀዱት። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ኩፐር ብላክን ታውቁታላችሁ፤ ስሙን ባታውቁ መልኩን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1922 ቺካጎ ውስጥ ኦስዋልድ ኩፐር የሠራው፣ ጠርዙ ሁሉ የተድበለበለ፣ እግሩ ያበጠ፣ ፊቱ ፈገግ ያለ ፊደል ነው። ለጣፋጭ ምግብ፣ ለሙዚቃ፣ ለልጆች ዕቃ ይሆናል። ለፍርድ ቤት ማስታወቂያ እንዳትሞክሩት።

አሁን ወደ ራሳችን ፊደል ልመለስ፤ ክርክሬም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ወፍራም ጽሕፈት ከውጭ የመጣልን ነገር አይደለም። ብራና ላይ በመቃ ብርዕ የሚጽፈው የእኛ ጸሐፊ ቋሚውን ወፍራም፣ አግድሙን ቀጭን አድርጎ መጻፍ የለመደው ማተሚያ ሳይታሰብ ነው፤ ብርዑ ሲቆረጥ ጠፍጣፋ ስለሆነ እጁ ወደታች ሲወርድ ቀለሙ ይሰፋል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ይጠባል። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ፣ በጎንደር ዘመን፣ ይህ እጅ ወፍሮና ተልቆ ጉልሕ የተባለው ጽሕፈት ሆነ። ከጎኑ ረቂቅ የሚባለው ቀጭኑ ጽሕፈት አለ። የጉልሕ ፊደል ገጹን ሞልቶ ይቆማል፤ ከብራናው ራቅ ብሎ ቀዳሹ ያነበዋል። በሌላ አነጋገር፣ ለንደን በጨረታ ወረቀት የደረሰችበትን እኛ በቅዳሴ መጽሐፍ ደርሰንበት ነበር።

አንድ ልዩነት ግን አለ። የእኛ ጸሐፊ አንድን ስም ከሌላው ለይቶ ሊያከብር ሲፈልግ የሚያወፍረው ፊደሉን አልነበረም፤ ቀይ ቀለም ይነክራል። የአምላክ ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ ያስጻፈው ሰው ስም በቀይ ይወጣል። ጥቁር ቀለም ብቻ የሚያትመው ማሽን ሲመጣ ቀዩ ተወሰደብን። የላቲን ጸሐፊ ቢቸግረው ትልቁንና ትንሹን ፊደል ያቀያይራል፣ ወይም ዘመም ያለውን ፊደል ያመጣል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ዘመም ያለ ባህልም የለውም፤ ኮምፒውተሩ ሲያዘምመው የሚወጣውን አይታችኋል፣ ነፋስ የጣለው አጥር ነው። ስለዚህ ለማጉላት የቀረልን ውፍረት ነው። ለእኛ ወፍራም ፊደል ከጌጥነት ይልቅ የዕለት መሣሪያ ነው፤ ለዚህ ነው በደንብ መሠራቱ የሚያሳስበኝ።

በደንብ ግን አልተሠራም፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። ላቲን ወፍራም ወንድም ለማግኘት ትልቁም ትንሹም ተደምሮ 52 ፊደል መቅረጽ ይበቃዋል። የእኛው 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ እነ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ሟ ሲጨመሩ ይበልጣል። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው የኮሎኝ ሰው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ካሳተመ ጀምሮ ፊደላችንን በብረት የቀረጸ ሁሉ ይህን ዋጋ ከፍሏል፤ አንዴ ከከፈለ በኋላ ለወፍራሙ ደግሞ ዳግመኛ የሚከፍል ጥቂት ነው። ዛሬም ቢሆን ብዙዎቻችን የምንጽፍበት፣ ኒያላ የተባለው የኮምፒውተር ፊደል አንድ ውፍረት ብቻ አለው። ኮምፒውተሩ ላይ የማወፈሪያዋን ቁልፍ ስትጫኑ የሚሆነው፣ ማሽኑ ያንኑ ፊደል ዙሪያውን በቀለም ያሳብጠዋል። አላሰበበትም፤ አሳበጠው ብቻ።

ያበጠ ፊደል ምን ይሆናል? ታፔላችሁ ላይ ከሁሉ የበዛውን ቃል ልውሰድ፦ ቤት። ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ መድኃኒት ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ትምህርት ቤት። የቤ ነፍስ ያለው በቀኝ እግሩ ጫፍ ባለችው ትንሽ ቀለበት ውስጥ ነው። ፊደሉ ሲያብጥ ቀለበቷ ትደፈናለች፤ የተደፈነች ቀለበት ደግሞ ከሩቅ ሲያዩዋት ወደ ጎን የወጣች እግር ናት፤ ቤ ቢ ሆኖ ይነበባል። መንገደኛው «ምግብ ቢት» እያነበበ ያልፋል። ወፍጮ ቤት የባሰ ነው፤ ሦስቱ የጮ እግሮች ተጣብቀው አንድ ጥቁር ሳጥን ይሆናሉ። ፊደሉን የሚያወፍር ሰው በእጁ ሊያስብበት የሚገባው እዚህ ነው፤ ቀለበቷን ከሌላው አካል ይልቅ ሰፋ አድርጎ መክፈት፣ የጮን መካከለኛ እግር ከዳርና ዳሩ ማቅጠን። ጥሩ ታፔላ ጸሐፊ ይህን ማንም ሳያስተምረው በብሩሽ ያደርገዋል። ማሽኑ አያደርገውም።

ከዚህም የሚብስ አለ። አንዳንድ ልጆች «የድሮ መልክ ያለው የአማርኛ ፊደል» ሲባሉ ክላረንደንን ያዩና እግሮቹን ቆርጠው በፊደላችን ሥር ይለጥፏቸዋል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ውጤቱ ግን አደጋ ነው። በላቲን ፊደል እግር ዝም ያለ ነገር ነው፤ ብትጨምሩትም ብትቀንሱትም ንባቡ አይለወጥም። በእኛ ፊደል ግን እግር ድምፅ ነው። በ በቀኝ እግሩ ላይ ወደ ጎን ተረከዝ ሲወጣለት ቢ ይሆናል፤ ከ ኪ፣ ደ ዲ፣ ለ ሊ፣ ተ ቲ። ከበደ የሚባል ሰው ሱቁ በር ላይ ስሙን በድፍን እግር ቢያስጽፍ ደንበኛው ኪቢዲ ብሎ ይገባለታል። የራሳችሁን ከተማ እዩት፤ ነገሌ እግር ሲተከልላት ኒጊሌ ትሆናለች። ቦረናም አትተርፍም፤ ቦ ቦ የሆነው ቀኝ እግሩ ስላጠረ ነው፤ ከሥሩ ወፍራም እግር ካስገባችሁበት አጭሩ ከረጅሙ ጋር እኩል ይሆንና መጀመሪያ በረና፣ ከዚያ ቢረና ይሆናል። የእግሩ መርዘምና ማጠር እንኳ በሚናገርበት ፊደል ላይ እግር ማስጌጥ የአናባቢን ቦታ መንጠቅ ነው።

ታዲያ ፊደላችን የድሮ መልክ አይኖረውም ማለት ነው? ይኖረዋል፤ ግን መልኩን ከላይና ከግንዱ ይውሰድ። የጉልሕን ጽሕፈት ያየ ሰው ያውቃል፤ የፊደሉ አናት ብርዑ ባረፈበት ቦታ ሰያፍ ሆኖ ይሰፋል፤ ግንዱ ሲወርድ ሙሉ ነው፤ አግድሙ ጠበብ ይላል። ጌጡ አናቱ ላይ ሲሆን ድምፅ አይነካም። በ1960ዎቹ የወጡትን የሸክላ ልባሶች፣ የፊልም ማስታወቂያዎችና የጋዜጣ ርእሶች የምትሰበስቡ ካላችሁ በእጅ የተሳሉትን ፊደሎች አናት ተመልከቱ። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ሲያቋቁም የነበረው አዲስ አበባ የእኛ የድሮ ዘመን ነው፤ የቴክሳስ ሰርከስ አይደለም። በነጻ የሚገኝ መነሻ ለሚፈልግ ደግሞ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ አለ፤ ከስሱ እስከ ድፍኑ ብዙ ውፍረት አለው፤ ወፍራሙም በማሽን የተነፋ ሳይሆን የተሣለ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልዩ ችግር። አዲስ አበባ ያለ ሠዓሊ ይህ ችግር እንደ እናንተ አይጠናበትም፤ እናንተ በአንድ ቆርቆሮ ላይ ሁለትና ሦስት ቋንቋ፣ ሁለት ዓይነት ፊደል ትጽፋላችሁ። አፋን ኦሮሞ በተርጓሚው በኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 በግዕዝ ፊደል ታትሟል፤ በሪሳ ጋዜጣም በደርግ ዘመን በዚሁ ፊደል ትወጣ ነበር፤ ዸ የሚለው ፊደልም ለዚሁ ቋንቋ ነው። ከጥቅምት 1984 ዓ.ም. ወዲህ ግን መደበኛው ቁቤ ነው። ሶማልኛም እ.ኤ.አ. በ1972 በላቲን ፊደል እንዲጻፍ ተወስኗል። ስለዚህ ሞያሌ ላይ አንድ ሱቅ ሦስቱንም ሊሸከም ይችላል፤ ያቤሎና ነገሌ ላይ አማርኛውና ቁቤው ሁልጊዜ ጎን ለጎን ናቸው።

ጎን ለጎን ሲቆሙ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ርዝመቱ። ምግብ ቤት በ5 ፊደል ያልቃል፤ የአፋን ኦሮሞው መነ ኛታ በቁቤ 11 ይወስዳል። መድኃኒት ቤት 7 ነው፤ መነ ቆሪቻ 12። የቆርቆሮው ስፋት አንድ ስለሆነ ጸሐፊው አማርኛውን ዘርግቶ ቁቤውን ያጠባል፤ ወይም ቁቤውን ከላይ በደማቁ አስቀምጦ አማርኛውን ከታች እንደ ግርጌ ማስታወሻ ያሳንሰዋል። ሁለቱም ሰው ያስቀይማሉ፤ በእኛ አገር ደግሞ የፊደል መጠን ሰው ያቀያይማል፣ ታውቁታላችሁ። መፍትሔው ጠበብ ተደርገው የተሠሩ ወፍራም ባለ እግር ፊደሎች ናቸው። የእንጨት ፊደል ቀራጮች ረጅም ቃል በጠባብ ወረቀት ላይ ለማስገባት የሠሯቸው ጠባብ ክላረንደኖች ብዙ ናቸው፤ ቁቤ ለእነሱ የተፈጠረ ይመስላል።

ቀጥሎ ቁመቱ። የላቲን ትንሹ ፊደል አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ይዘልቃል፤ ፊደላችን ግን በአብዛኛው ከላይም ከታችም እኩል ሆኖ ይሰለፋል። ስለዚህ ከአማርኛ ጎን ቁቤው በትልቁ ፊደል ብቻ ሲጻፍ ሁለቱ እኩል ይቆማሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውፍረቱ። እኔ የማየው የተለመደ ስህተት፣ እግር የሌለው ቀጭን የኮምፒውተር ላቲን ካበጠ ኒያላ አጠገብ መቀመጡ ነው፤ አንዱ ሹክ ሲል ሌላው ይጮኻል። የክላረንደን ዓይነቱ ፊደል ግንዱ ወፍራም፣ አግድሙም ጠበብ ቢል ከእሱ ብዙ ያልራቀ ስለሆነ ከፊደላችን ጋር ይስማማል። መለኪያው ቀላል ነው፤ የአማርኛውን የበ እግር ውፍረት በጣታችሁ ለኩና የቁቤውን ግንድ በዚያው ልክ አውጡት። እግር ለሚፈልግ ደንበኛ እግሩን ቁቤው ይውሰድለት፤ አማርኛው በአናቱ ይመልስለት። አንድ ቤተሰብ ይመስላሉ፤ አንዱ ግን የሌላውን ልብስ አልለበሰም።

የቁቤውን ሁዻ አትርሱ፤ ያቺ በፊደሎች መካከል ከፍ ብላ የምትቀመጥ ምልክት። ፊደሉ ወፍሮ እሷ ቀጭን ጭረት ሆና ከቀረች ከሦስት ሜትር ወዲያ አትታይም፤ ቃሉም ሌላ ቃል ሊሆን ይችላል።

የከተማዋን ስም ለመጻፍም አንድ መንገድ ምረጡ። በአማርኛ ነገሌም ነጌሌም ተብላ ትጻፋለች፤ በላቲን ደግሞ የበዛ መልክ አላት። ጣሊያኖች በራሳቸው አጻጻፍ ኔጌሊ ብለው ነበር ካርታቸው ላይ ያወጧት፤ ጄኔራላቸው ግራዚያኒም እ.ኤ.አ. በጥር 1936 ከያዛት በኋላ የነገሌ ማርኬዜ የሚል ማዕረግ ወስዶባታል። የዚያን አጻጻፍ ዝርያ እስከ ዛሬ የሚጽፍ አለ። ወፍራም ፊደል የተሳሳተውንም አብሮ ያጎላዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወፍራሙን ባለ እግር ፊደል የት እንጠቀምበት? ግመል ላይ በጋለ ብረት የሚተኮሰውን የጎሳ ምልክት አስቡት፤ መስመሩ ጥቂት ነው፣ ደፋር ነው፣ ከሩቅ የማን እንደሆነ ይናገራል፤ የግመሉን የትውልድ ታሪክ ግን ማንም ቆዳው ላይ አይተኩስም። ይህም ፊደል እንዲሁ ነው። ለሱቅ ስም፣ ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለስብሰባ ባነር፣ ለቡና ከረጢት ይሁን። የጉጂ ቡና ድሮ በሲዳሞ ስም ተጠቃሎ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ ሻኪሶና ሃምበላ ተብሎ በየአገሩ ከረጢት ላይ ስሙ ይወጣል፤ እንዲህ ያለው ስም ግርማ ያለው ፊደል ይገባዋል። የመድኃኒት አወሳሰድ፣ የፈተና ወረቀት፣ ረጅም ደብዳቤ፣ የዋጋ ዝርዝር ግን በእሱ አይጻፍ፤ ከሦስት መስመር ሲያልፍ ዓይን ይደክማል። ለረጅም ንባብ የተሠራ አይደለም።

የድሮ መልክ ደግሞ ራሱ ቃል መግባት ነው። «እዚህ ቆይተናል፣ እመኑን» ይላል። ትናንት የተከፈተ ካፌ ሲለብሰው ትንሽ ውሸት አለበት፤ እኔ ይህን ውሸት በካፌ አልጠላውም፣ በክሊኒክ ግን እጠላዋለሁ። እግሩ ከግንዱ የሚወፍረው የካውቦይ ፊደል ደግሞ በከብት አገር ሥጋ ቤት ላይ ሲያዩት ያስቃል፤ አንድ ሁለት ቢሆን ደስ ይላል፤ መንገዱ ሁሉ እሱን ከለበሰ ግን ቦረና የከብት አገር መሆኑን ከአሜሪካ ፊልም የተማረ ይመስላል።

ስለ ቀለምም አንድ ነገር። እዚህ ፀሐይ ጠንካራ ናት፤ ቀዩ ቀድሞ ይገረጣል፤ ቀይ አቧራም ነጩን መደብ ያደበዝዘዋል። ቀጫጭን ጌጥ፣ ጥላና ድርብ ጠርዝ በአንድ በጋ ይጠፋሉ። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ በቢጫ መደብ ላይ የሚቆየውን ያህል አይቆዩም። ለዚህም ነው ቋሚው ወፍሮ አግድሙ የቀጠነው የመጀመሪያው የለንደን ፊደል ለዚህ አገር የማይሆነው፤ ቀጭኑ መስመር በአቧራው ሲዋጥ የሚተርፈው የተሰለፈ ችካል ብቻ ነው።

ብዙ ተናገርሁ። ከኋላ ግድግዳው ላይ ሁለት ቆርቆሮ አስደግፌአለሁ፤ ሁለቱም ላይ ምግብ ቤትና መነ ኛታ ተጽፏል፤ አንዱ በኮምፒውተር የተነፋ ነው፣ ሌላው የቤ ቀለበት ተከፍቶለት፣ ቁቤው ጠባብ ክላረንደን ለብሶ በብሩሽ የተጻፈ ነው። ዓይነ ደካሞች ቅድሚያ ይሰጣችሁ፤ ከበሩ ውጭ ቆማችሁ አንብቡልኝ። ከዚያ ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ፤ ታፔላ ጸሐፊዎቹ ደግሞ ጥያቄያችሁን ሳይሆን ብሩሻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ሦስተኛ ባዶ ቆርቆሮ አምጥቻለሁ።